ዘንዶው ያስፈራል ተባለ፤ ሳለዝበው ደግሞ ሕይወት አጣ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን ለአዋቂ አንባቢ የሚሆኑ ምናባዊ ሥዕሎችን ሲሠሩ የኖሩ ሠዓሊ ናቸው፤ ጦረኛ፣ የፈራረሰ ግንብ፣ ክንፋም ዘንዶ። አሁን ከ5 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆን የሥዕል መጽሐፍ እጃቸው ገብቷል። ታሪኩ ፋኖስ ይዛ ዘንዶ ፍለጋ ዋሻ ስለምትገባ ልጅ ነው። የመጀመሪያውን ንድፍ ያዩት አርታኢ «ልጆቹን ያስደነግጣል» ብለው መለሱላቸው። እሳቸውም ጥርሱን አሳጠሩ፣ ገላውን አድበለበሉ፣ ቀለሙን አደመቁ። «አሁን አያስፈራም፤ ግን አያስደንቅምም። አሻንጉሊት ሆኖብኛል» ይላሉ። ከባዶ ወረቀት እስከ ማተሚያ ቤት ያለውን አካሄድ እንዳስረዳቸውም ጠይቀዋል።

መልሴን ከልጅቷ ልጀምር፤ ዘንዶው ይቆየን። መጽሐፉን የሚያገላብጠው ልጅ ዘንዶውን የሚያየው በእሷ በኩል ነው። የት ቆማለች? ከዘንዶው ምን ያህል ትርቃለች? ልሽሽ ብትል በየት ትወጣለች? ዘንዶው አይቷታል ወይስ ገና አላያትም? እነዚህ ጥያቄዎች በሥዕሉ ውስጥ መልስ ካገኙ ዘንዶው የፈለገውን ያህል ግዙፍ፣ ጥርሱም የፈለገውን ያህል ረጅም ሊሆን ይችላል። መልስ ካጡ ግን ጥርስ የሌለው ዘንዶ እንኳ ያስደነግጣል፤ ልጁ የሚቆምበት ቦታ የለውምና። ለአዋቂ ስንሥል ተመልካቹን ከጭራቁ ፊት ገትረን እንተወዋለን፤ የሚወደውም ያንን ነው። ለልጅ ስንሥል ከሚያስፈራው ነገር አጠገብ እግሩን የሚያሳርፍበት መሬት እናሰናዳለታለን። ከመጀመሪያዋ ጭረት እስከ መጨረሻው ቀለም የማደርገው ሁሉ ያንን መሬት ለማሰናዳት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ ጥርሱን ይመልሱለት። ልጆች የሚያስፈራ ታሪክ ይወዳሉ፤ ደግማችሁ አንብቡልን የሚሉትም ብዙ ጊዜ ልባቸው ድው ድው ያለበትን ገጽ ነው። ያንን ከመጽሐፉ መንጠቅ ለእነሱ ማዘን አይመስለኝም።

የዕድሜው ነገር ግን መታየት አለበት። ከ5 እስከ 8 የተባለው ክልል ለአዋቂ ጠባብ ይመስላል፤ ለልጅ ሁለት የተለያየ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሲንቲያ ሆፍነርና ጆአን ካንተር የተባሉ ተመራማሪዎች አንዲት አሮጊት አንዴ ደስ የሚል፣ አንዴ የሚያስጠላ መልክ ይዛ፣ በጠባይም አንዴ ደግ፣ አንዴ ጨካኝ ሆና የምትታይባቸውን የአንድ ቪዲዮ የተለያዩ ቅጂዎች ለልጆች አሳይተው ነበር። ትንንሾቹ ይበልጥ በመልኳ፣ ተለቅ ያሉት ይበልጥ በሥራዋ ፈረዷት። ለእኛ ሙያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የ5 ዓመቱ ልጅ ዘንዶውን ከነመልኩ ይፈርደዋል፤ የ8 ዓመቷ «ቆይ፣ ምን አደረጋት?» ብላ ትጠይቃለች። መጽሐፉ ሁለቱንም የሚይዘው የዘንዶው ፊት ቢያንስ አንድ የደግነት ምልክት ሲኖረውና አካሉ የሚያደርገው ነገር ያንን ምልክት ሲያጸናው ነው። ያቺን አንድ ምልክት የት እናስቀምጣት የሚለው ላይ ነው ብዙ ጊዜ የማጠፋው፤ እኔ ዓይን ላይ አስቀምጣታለሁ።

ልጅ ገጹን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚፈልገው ፊት ነው፤ ፊት ላይ ደግሞ ዓይን። አብዛኞቻችን ዘንዶ ስንሥል በልማድ እንደ ድመትና እንደ አዞ ቀጥ ብሎ የቆመ ስንጥቅ ብሌን እንሰጠዋለን። እንዲህ ያለው ብሌን አድፍጠው የሚያድኑ ብዙ እንስሳት ያላቸው ነው፤ የሚያየውም ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ የታደነ ይመስለዋል። አንበሳና ነብር ግን የለየላቸው አዳኞች ሆነው ሳሉ ብሌናቸው ክብ ነው። ለዘንዶዎ ክብ ብሌን ቢሰጡት ግርማው አይቀንስበትም፤ የሚያስብ፣ የሚያናግሩት ዓይነት ፍጡር ግን ይሆናል። ቀጥሎ የላይኛው የዓይን ቆብ አለ። ቆቡ በብሌኑ ዙሪያ ያለውን ቀለም ከላይ ሸፈን ካደረገው የተረጋጋ፣ ዕድሜ የጠገበ ዘንዶ ይወጣል። ቆቡ ጨርሶ ተከፍቶ ነጩ ዙሪያውን ከታየ ደግሞ የደነገጠው ዘንዶው ራሱ ነው፤ የእናንተ ታሪክ ላይ ይህ አንድ ቦታ ላይ ሊያስፈልግ ይችላል። ከዓይኑ በላይ ያለው የአጥንት ጉብታ የሚነበበው እንደ ቅንድብ ነው፤ የውስጥ ጫፉ ወደ አፍንጫ ሲወርድ ቁጣ፣ ወደ ላይ ሲነሳ ሥጋት ወይም ሐዘን ይሆናል። በእርሳስ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ ዝቅ ማድረግ የዘንዶውን ጠባይ ይለውጠዋል።

በመጨረሻ ዓይኑ ላይ የምታርፈዋ ብርሃን። ብዙ ጊዜ ከልማድ ነጭ ነጥብ ጣል ተደርጎ ይታለፋል። የእርስዎ ልጅ ግን ፋኖስ ይዛለች! እንግዲያው በብሌኑ ላይ የምትታየው ነጥብ ያቺው የፋኖሷ ብርሃን ትሁን፤ ትንሽ፣ ብርቱካናማ፣ ልጅቷ ወደቆመችበት ጎን ያዘነበለች። አዋቂው ላያስተውላት ይችላል፤ ልጁ ግን ያገኛታል። ያቺ ነጥብ ዘንዶው ልጅቷን እያያት እንደሆነ ትናገራለች፤ ዋሻውን ያበራውም ከእሷ እጅ ያለው ብርሃን መሆኑን ትናገራለች። ጥርሱን ሳይነኩ ኃይሉን ወደ ልጅቷ የሚያሻግሩት በእንደዚህ ያለ ነገር ነው። ስለ ጥርስ ካነሳን አይቀር፣ የአዞ ጥርስ አፉ ተዘግቶም ከውጭ ይታያል። አፉን የዘጋ፣ ጥርሱ ግን በከንፈሩ ጠርዝ የሚቆጠር ዘንዶ ግርማ ሞገስ አለው፤ ሊነክስ ነው አያሰኝም።

ገላውን ሲያድበለብሉት የሆነው ነገር ምክንያት አለው። የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪው ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1943 እንደጻፈው፣ ከገላው ጋር ሲተያይ ትልቅ የሆነ ራስ፣ ጎላ ያለ ግንባር፣ ዝቅ ብለው የተቀመጡ ትልልቅ ዓይኖችና ሞላ ያለ ጉንጭ የሕፃን ምልክቶች ናቸው፤ ስናያቸው እንንሰፈሰፋለን። እነዚህን ሁሉ ባንዴ ለዘንዶው ሲሰጡት ዘንዶው ሕፃን ሆነ፤ ሕፃን ዘንዶ ደግሞ የሺህ ዓመት ዋሻ ጠባቂ ሊሆን አይችልም። አንዱን ብቻ ይስጡት፤ ለምሳሌ ዓይኑን ከለመዱት ትንሽ ዝቅና ትልቅ ያድርጉት፣ የቀረው አጥንቱ የአውሬ ይሁን። ልጅቷን በተመለከተ ደግሞ ከአዋቂ ሥዕል የመጣ ሠዓሊ ላይ ዘወትር የማየው ችግር አለ፤ ልጅ ሲሥል አዋቂ ያሳንሳል። የአዋቂን ቁመት በ7 ተኩል ራስ መለካት ለምደናል፤ የ6 ዓመት ልጅ ቁመት ግን ወደ 6 ራስ ገደማ ነው። አንገቷ ቀጭን፣ ትከሻዋ ጠባብ፣ ሆዷ ወጣ ያለ ነው። ስትቆም ክብደቷን የምትጥለው እንደ ጦረኛ አይደለም፤ ጉልበቷን ወደ ኋላ ወጥራ፣ እጇን የት እንደምታደርገው ሳታውቅ ትቆማለች። ፋኖሱም ለእሷ ከባድ ነው፤ በሁለት እጇ ትይዘው። ይህ ብቻውን ስለ ድፍረቷ ብዙ ይናገራል።

ምናባዊ ፍጡር የሚታመነው ከእውነተኛ እንስሳ ሲገነባ ነው። ክንፉን እንውሰድ። የሌሊት ወፍ ክንፍ እጅ ነው፤ አውራ ጣቷ ነፃ ወጥታ ትንጠለጠላለች፣ አራቱ ጣቶች ረዝመው ቆዳውን ይወጥሩታል። ዘንዶ ላይ ክንፍ ከጀርባ ተለጥፎ ሲቀር የሞተ የሚመስለው መነሻው ስለማይታወቅ ነው። የጀርባ ጡንቻውንና የትከሻ አጥንቱን ይስጡትና ጣቶቹን ከእጅ አንጓ እስከ ጫፍ ይቁጠሯቸው። ክንፍ እጅ መሆኑን አንዴ ከተረዱ ደግሞ ክንፉ መናገር ይጀምራል፤ ዘንዶው በክንፉ ፊቱን ይሸፍናል፣ በአውራ ጣቱ ጥርሱን ይጎረጉራል፣ ልጅቷን ከሚንጠባጠበው የዋሻ ውሃ ያስጠልላታል። ልጆች ፊደል ሳይቆጥሩ የሚያነቡት ይህንን ነው። ቆዳውን ከኤሊ አንገት፣ አተኛኘቱን ጅራቱን አፍንጫው ላይ ከሚጥል ውሻ ሊወስዱ ይችላሉ። ልጁ የሚያውቀው እንቅስቃሴ ከማያውቀው ፍጡር ላይ ሲገኝ ነው «እውነት አለ እንዴ?» የሚለው።

ሕግም ያስፈልጋል። ዘንዶው ስንት ቀንድ አለው? የተሰበረው የቀኙ ነው የግራው? ሲተነፍስ በዋሻው ግድግዳ ላይ የበቀለው የድንጋይ ሽበት የሚያበራ ከሆነ ሁልጊዜ ያበራል ወይስ ሲደሰት ብቻ? ሥራ ከመጀመሬ በፊት ይህን ሁሉ በአንድ ሉህ ላይ አሠፍራለሁ፤ ፍጡሩን ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ከልጅቷ ጋር ቁመት ለቁመት፣ ከጥቂት የፊት ገጽታዎች ጋር። ሉሁ ከጠረጴዛዬ ፊት ይሰቀላል። ልጆች መጽሐፉን በጣም ብዙ ጊዜ ስለሚያዩት የጎደለችውን ቀንድ ያገኟታል፤ ሲያገኟትም ዓለሙን ማመን ይተዋሉ። ለእነሱ መጠንቀቅ ማክበር ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ገጾቹ። የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው፤ ትልቁ የማተሚያ ወረቀት ታጥፎ ሲቆረጥ ገጹ በ8 ወይም በ16 ብዜት ስለሚወጣ ነው። ከዚያ ላይ የርዕስና የመብት ገጾች ሲቀነሱ ለታሪኩ ከ12 እስከ 14 ያህል ጥንድ ገጾች ይቀራሉ። ሁሉንም በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ የክብሪት ሳጥን እያካከሉ ይንደፏቸው። በዚህ መጠን ዝርዝር መሥራት ስለማይቻል የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትልቁ ቅርጽ የት ነው፣ ትንሿ ልጅ የት ናት፣ በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታስ ምን ያህል ነው? ፍርሃት የሚመጠነው በዚህ ባዶ ቦታ ነው። መጀመሪያ ሰፊ ነው፤ ገጽ በገጽ ይጠባል፤ በመጨረሻ እጇ አፍንጫውን ይነካል። ባዶው ቦታ ድንገት ከጠበበ ልጁ ይደነግጣል፤ ቀስ እያለ ከጠበበ ልጁ ራሱ እየቀረበ ይሄዳል።

ገጽ መገለጡም የእኛ መሣሪያ ነው። ዘንዶውን ባንድ ገጽ አያውጡት። መጀመሪያ ድንጋይ የሚመስል ጅራት፣ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ጥላ፣ ቀጥሎ ከጠርዝ የሚገባ ትንፋሽ። ልጁ ከልጅቷ ቀድሞ ጅራቱን ማየቱ ትልቅ ደስታ ነው፤ እሱ ያወቀውን እሷ አላወቀችም፤ ያወቀ ሰው ደግሞ ፍርሃቱ ይቀላል። የሥዕሉ መጠንም እንዲሁ ይናገራል። ሞሪስ ሴንዳክ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው «ዌር ዘ ዋይልድ ቲንግስ አር» በተባለው መጽሐፍ ላይ ሥዕሎቹ ገጽ በገጽ እያደጉ ይሄዱና ከአውሬዎቹ ጋር በሚጨፈርበት ቦታ ጽሑፉ ጠፍቶ ሥዕሉ ጥንድ ገጹን በሙሉ ይይዛል፤ ከዚያ መልሶ ያንሳል። ልጁ ወደ ምናባዊው ዓለም ሲገባና ሲመለስ በነጩ ህዳግ ስፋት ያውቀዋል። እኔ ከዚህ የተማርኩት ግዙፍነትን ቆጥቦ ማስቀመጥን ነው፤ ዘንዶው ሙሉ ገላው የሚታይበት ጥንድ ገጽ አንድ ብቻ ቢሆን ያ ገጽ አይረሳም።

የእይታው ከፍታም አለ። ከልጅቷ ዓይን ከፍታ ከሣልነው ዘንዶው ተራራ ይሆናል፤ እኛም አብረናት ነን። ከዘንዶው ትከሻ ላይ ሆነን ወደ ታች ካየናት ግን ልጅቷ ታዳኝ ትሆናለች። ይህን ሁለተኛውን ለትንንሾች በሚሆን መጽሐፍ ላይ አልጠቀምበትም፤ ዘንዶው ወዳጅ ከሆነ በኋላ ካልሆነ በቀር። ከግራ ወደ ቀኝ በሚነበብ መጽሐፍ ልጅቷ ወደ ቀኝ ስትጓዝ ወደፊት ትሄዳለች፤ ወደ ግራ ስትዞር ትመለሳለች። መውጫዋ ስለዚህ ግራ ነው፤ የዋሻውን አፍ፣ ትንሽ ሰማይ ቢሆን እንኳ፣ በአስፈሪው ገጽ ላይ በግራ በኩል ይተዉላት። አርታኢዎን የጨነቃቸው ነገር በአብዛኛው በዚያች ቁራጭ ሰማይ የሚፈታ ይመስለኛል። የማንም ፊት ግን መሃል ላይ፣ ገጾቹ በሚሰፉበት መስመር ላይ እንዳይወድቅ። ለጽሑፉም ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ ቦታ ይያዝ።

ቀለም ከመጀመሬ በፊት እያንዳንዱን ንድፍ በሦስት ደረጃ ብቻ አጠላዋለሁ፤ ጨለማ፣ መካከለኛ፣ ብርሃን። በሦስት ደረጃ ያልተነበበ ሥዕል በሠላሳ ቀለም አይነበብም። ዋሻ ነው ተብሎ ሁሉ ነገር ጥቁር መሆን የለበትም፤ ጥልቁን ጨለማ ለአንድ ጥግ ትቼ የቀረውን በጥቁር ሰማያዊና በወይን ጠጅ አሞቀዋለሁ። በጨለማው ውስጥ ልጁ የሚያገኘው ነገር ይኑር፤ ትንሽ ሸረሪት፣ የወደቀ ቅርፊት። ጨለማ ውስጥ የሚፈለግ ነገር ካለ ጨለማው የሚጎበኝ ቦታ ይሆናል።

እርስዎ ቀለሙን ሲያደምቁት ሁሉንም እኩል አደመቁት፤ ሁሉ ሲጮህ የሚሰማ የለም። ለልጅ የሚሆን ሥዕል ደማቅ መሆን አለበት የሚለው አባባል ለብዙ መልክ የለሽ መጽሐፍ ምክንያት ሆኗል። ብርቱካናማውን ለፋኖሱ ብቻ ይተዉት። ከዚያ ከዘንዶው ዓይን ወደ ደረቱ፣ ከደረቱ ወደ ክንፉ ገጽ በገጽ ይዛመት፤ መጨረሻ ላይ ዘንዶው ራሱ ፋኖስ ይመስላል። ይህን ለማቀድ ሁሉንም ጥንድ ገጾች በጣም ትንንሽ አድርጌ፣ በቀለም ነጠብጣብ ብቻ፣ በአንድ ረድፍ አሰልፋቸዋለሁ። ረድፉን ስታዩት የታሪኩ ስሜት ሲወጣና ሲወርድ መታየት አለበት።

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም። በውሃ ቀለምም፣ በእርሳስም፣ በታብሌት ላይ ፕሮክሪየት ወይም ፎቶሾፕ በተባሉ የሥዕል ፕሮግራሞችም የተሠራ ድንቅ መጽሐፍ አለ። በዲጂታል ለሚሠሩ ምክሬ አንድ ነው፤ ጥቂት ብሩሾችን መርጠው መጽሐፉን እስኪጨርሱ አይለውጡ፣ የዓለሙ ቆዳ አንድ እንዲሆን። ለኅትመት ደግሞ ሥዕሉ በትክክለኛው መጠኑ 300 ዲ.ፒ.አይ. (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን፤ ከመቁረጫው መስመር ውጭ በሁሉም ጎን 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይኑረው፤ ማተሚያ ቤቱ ሌላ ልክ ከሰጠዎ የእሱን ይከተሉ። በስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ወደ ሲ ኤም ዋይ ኬ፣ ማለትም ወደ አራቱ የማተሚያ ቀለሞች፣ ሲቀየር ይደበዝዛል። የሚያበራ የድንጋይ ሽበት ከሣሉ ይህን መጨረሻ ላይ ከሚያዩት መጀመሪያ ላይ በናሙና ኅትመት ይፈትሹት። ብርሃን የሚመስለው ቀለሙ ስለደመቀ ሳይሆን ዙሪያው ስለጨለመ እንዲሆን አድርገው ከሣሉት ኅትመቱ አይጎዳውም።

ንድፎቹ ሲያልቁ፣ ቀለም ሳይነካቸው፣ ለልጆች አሳያቸዋለሁ። «ያምራል?» ብሎ መጠየቅ ጥቅም የለውም፤ ልጅ እርስዎን ለማስደሰት «አዎ» ይላል። ጽሑፉን ሸፍነው «እዚህ ምን እየሆነ ነው?» ይበሉና ዝም ይበሉ። ጣቱ የት እንደሚሄድ ይዩ። ገጹን ቶሎ ቢገልጥ ሰልችቶታል ወይም ፈርቷል፤ ልዩነቱን ገላው ይናገራል፤ የፈራ ልጅ ወደ አዋቂው ይጠጋል፣ የሰለቸው ይዞራል። ተጠግቶ መልሶ ወደ ገጹ ካየ ሥዕሉ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። ተጠግቶ መጽሐፉን ከዘጋ ግን ዘንዶውን ሳይነኩ ወደ ባዶው ቦታና ወደ መውጫው ይመለሱ።

ለጊዜው የሚያደርጉት ይህ ይሁን። አርታኢዎ የመለሱትን የመጀመሪያውን ንድፍ፣ ያንን ባለ ጥርሱን፣ ያውጡት። ሦስት ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ልጅቷን ከዘንዶው አንድ ርምጃ አርቀው በግራ በኩል ያቁሟት፣ ከኋላዋ የዋሻውን አፍ ይክፈቱላት፣ የዘንዶውን ብሌን ክብ አድርገው ፋኖሷን በውስጡ ያኑሩ። ቀለም አይቀቡት፤ በሦስት ደረጃ ጥላ ብቻ ይተዉት። ከበፊቱና ከኋላው ገጽ ንድፍ ጋር አብረው ይላኩላቸው፤ አንድ ገጽ ብቻውን ሲታይ ያልነበረው ርኅራኄ ከጎረቤቱ ጋር ሲታይ ይገኛልና። አሁንም ከባድ ነው ካሉ የትኛው ገጽ ላይ ልጁ መጽሐፉን ይዘጋል ብለው እንደሚያስቡ ይጠይቋቸው፤ ሥራውን ከዚያ ገጽ ይቀጥላሉ።